ስም ያልወጣለት ቡችላ

በአንድ ወቅት፣ ለውሻ ስም የሚወጣው ለጎረቤት ጆሮ ተብሎ በነበረበት አገር፣ ደባሽ የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ከሦስት ሴቶች ልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። የዚያ አገር ሰው ፊት ለፊት መናገር ያቃተውን ቅሬታ በውሻው ስም ያወጣዋል። አመሻሹ ላይ ደጁ ላይ ቆሞ ውሻውን ሲጣራ፣ ነገሩ የሚመለከተው ሰው ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ይሰማል። ማንም ማንንም አልሰደበም፤ የተጠራው ውሻ ነው።

የደባሽ ሚስት በሕይወት ሳለች አንዲት ጎረቤቷ ሰላምታ ብትነፍጋት ውሻዋን «ምን በደልኩሽ» ብላ ሰየመቻት። ሰባት ዓመት ሙሉ በየምሽቱ «ምን በደልኩሽ፣ ነይ» እያለች ተጣራች። በስምንተኛው ዓመት ጎረቤቲቱ መስማቱ ቢከብዳት አንድ ቅል ቅቤ ይዛ መጥታ ታረቀች። በዚያ ቤት ስም ማውጣት ይህን ያህል ጉልበት ነበረው፤ ልጆቹም ይህን እያዩ ነው ያደጉት።

እናትየዋ ከሞተች በኋላ በአንዱ ሐምሌ ምን በደልኩሽን ጅብ በላት። ከቡችሎቿ የተረፈው ጎተራው ሥር ተወሽቆ የተገኘ አንድ ወንድ ብቻ ነበር። ደባሽ ጠበል ባለበት ቤት ውሻ አይገባም ባይ ነው። ጅቡ ግን አጥሩን መዞር አልተወም፤ ስለዚህ ክረምቱ እስኪወጣ ቡችላው ቤት ውስጥ እንዲሆን ሳይወድ በግዱ ፈቀደ። ቡችላው በገባ በማግሥቱ መኝታ ላይ ቢሸና ግን ሁለት ነገር ተናገረ። ቡችላው እስከ መስቀል ድረስ መኝታ ላይ መሽናቱን ካልተወ፣ ወንዝ ማዶ ላሉት ዘመዶች ይሰጣል። ከተወ ደግሞ ያስተወችው ልጅ ባለቤቱ ትሆናለች፣ ስሙንም እሷው ታወጣለች።

መካከለኛዋ ልጅ ደብሬ ይህን በሰማችበት ቅጽበት ስሙን በልቧ አውጥታ ጨርሳ ነበር። ለማንም ግን አልተነፈሰችም።

ደብሬ ቀናተኛ ነበረች። ነገሩን ማለዘብ ምን ያደርጋል፣ እሷም ታውቀዋለች። ታላቋ እናንዬ በሥራዋ ትመሰገናለች። ታናሿ ትርንጎ ሳቋ ብቻ ይበቃታል፤ አባታቸው ከእርሻ ሲመለስ ገና ከበሩ ላይ የሚጠራው የእሷን ስም ነው። ደብሬን የሚጠራት ላሟ የምትታለብበት ሰዓት ሲደርስ ነው። እናቷን ዘጠኝ ወር ሙሉ ያስታመመች፣ እያገላበጠች ያጠበች እሷ ነበረች። ለዚያ ያገኘችው የእናቷን የጠፍር አልጋ ነው፤ ደባሽ ለሠርጋቸው በገዛ እጁ ጠፍሩን የወጠረውን። እህቶቿ መደብ ላይ ቁርበት አንጥፈው ሲተኙ እሷ አልጋ ላይ ትተኛለች። የእኔ ብቻ ነው የምትለው ሌላ ምንም አልነበራትም።

ቡችላው ታዲያ ከቤቱ ሁሉ መርጦ የሚሸናው እዚያ አልጋ ላይ ነበር። መደቡን አይነካም፣ የደባሽን ቁርበት አይነካም። ማለዳ የተነጠፈው የደብሬ ጋቢ እኩለ ቀን ላይ ርሶ ይገኛል፤ ጠፍሩም ውኃ እየጠጣ እየላላ እንደ ጀልባ ሰረጎደ።

እናንዬ ነገሩን በእጥበት ተያያዘችው። ጋቢውን በየቀኑ ወንዝ እያወረደች በእንዶድ ታጥባለች። ፀሐይ በሌለበት ክረምት ምድጃ ዳር ዘርግታ ስታገላብጥ ትውላለች። ጠፍሩን አመድ እየነሰነሰች ትፈትጋለች። የእጇ ቆዳ እስኪላጥ ድረስ እንዲህ አደረገች። ደባሽ ሁለት ጊዜ ቡችላውን በማጅራቱ አንጠልጥሎ ወንዝ ማዶ ሊወስደው ተነሥቶ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ እናንዬ የደረቀውን ጋቢ አምጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «አባዬ፣ ምኑ ነው የሸተተዎት?» አለችው። አሸተተና ቡችላውን መሬት አስቀመጠው።

ትርንጎ ደግሞ በማውጣት ተያያዘችው። ቡችላው ከእንቅልፉ ሲነቃና በልቶ ሲጨርስ ጊዜ ሳትሰጥ አንሥታ ደጅ ያለው ግራዋ ሥር ታቆመዋለች። ዝናብ ሲሆን ገሳ ደፍታ አብራው ትቆማለች። ሲሸና ታሻሸዋለች፣ ታወድሰዋለች፣ ትስቅለታለች። አንድ ቀን እንኳ እጇን አላነሣችበትም። በሦስተኛው ሳምንት ቡችላው ራሱ በሩን በጥፍሩ ይቧጥጥ ጀመር። ትርንጎን ግን የክረምቱ ብርድ ደረቷ ውስጥ ገባና ቀን ከሌት ያስላት ያዘ።

ቡችላው ትርንጎ በሄደችበት ሁሉ ይከተላታል። ደብሬ ይህን ስታይ ውስጧ ይቃጠላል። ሰውስ እሺ፣ ውሻ እንኳ እሷን ይምረጥ? እህቶቿ ወንዝና ጓሮ በሚሆኑበት ሰዓት ካለበችው ወተት ትንሽ ትቀንስና ቡችላውን አልጋዋ ላይ ታወጣዋለች። ጋቢዋን ትከናነብና በመዳፏ ታጠጣዋለች። እሱም ይልሳል፣ ዓይን ዓይኗን ያያል፣ ጭኗ ላይ ይተኛል። እሷን ብቻ የሚያይ አንድ ፍጥረት አገኘች ማለት ነው። ከዚያ ሥራ ይጠራትና ትሄዳለች፤ ስትመለስ አልጋው ርሷል። ወተቴን ጠጥቶ ይንቀኛል እያለች አንጀቷ ያራል። በዚህ መሐል ለአንድ አፍታ እንኳ ወተቱንና ሽንቱን አላገናኘቻቸውም።

ነሐሴ ሲያልቅ ትርንጎ በሳሉ ምክንያት መደብ ላይ ዋለች፤ ቡችላውን ማውጣቱም ለሦስት ቀን ለደብሬ ደረሳት። ሲበላ ቆማ አየችው። በልቶ ይጨርሳል፣ ይዞራል፣ መሬቱን ያሸታል፣ በሩን ይቧጥጣል፣ ግራዋው ሥር ይሸናል። በሦስተኛው ቀን እንደ ልማዷ አልጋው ላይ ወተት ሰጠችውና ሥራ ስላልነበራት አጠገቡ ቆየች። ጠጥቶ ጨረሰ፣ ዞረ፣ ጠፍሩን አሸተተ፣ ሸና። ያኔ ገባት። ትርንጎ ግራዋው ሥር ያስተማረችውን እሷ አልጋው ላይ ስታስተምረው ከርማለች።

ወተቱን ተወች። ቡችላው ግን አልተወም። ጠረኑ ጠፍሩ ውስጥ ሠርጎ ገብቷል፤ የእናንዬ እንዶድና አመድ ከጋቢው እንጂ ከቆዳው አላወጣውም። የትርንጎ ትምህርትም አልጋው ዘንድ ሲደርስ ይረሳል። ቡችላው እዚያ አፍንጫውን ሲያስጠጋ ቦታው ይህ ነው የሚለው አንድ ነገር ያገኛል።

በጳጉሜን አንድ ቀን ቤቱ ጭር ሲል ደብሬ ቢላዋ አነሣች። የእናቷን አልጋ ጠፍር አንድ በአንድ ቆርጣ ከቤቱ ኋላ አቃጠለችው። የሚቃጠል ቆዳ ሽታ እንዴት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ደባሽ ሽታውን ተከትሎ ሲመጣ አመዱን አየ፤ ቤት ገብቶ ባዶውን የአልጋ እንጨት ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «እኔንና እናትሽን ይህን ያህል ጠላሽን?» አላት። ደብሬ ቢላዋውን በቀሚሷ ትጠርግ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡችላው ቤት ውስጥ አንዲት ጠብታ አልሸናም። ደብሬ ገለባ ላይ ተኛች።

የደመራ ዕለት ከሰዓት በኋላ ደባሽ ሦስቱንም ደጅ አስቀመጠና ቃላቸውን ሰማ። እናንዬ ብዙ አላወራችም፤ እጆቿን ገልብጣ አሳየችው። እሷ ባታጥብ ኖሮ ቡችላው በሐምሌ ወንዝ ይሻገር እንደነበር ደባሽም አልካደም። በልቡ ግን ወደ ትርንጎ አዘንብሎ እንደነበር ደብሬ ከፊቱ አነበበች፤ ይህን ፊት ከልጅነቷ ጀምሮ አጥንታዋለች። በር መቧጠጥን፣ ደጅ መውጣትን ያስተማረችው ትርንጎ አይደለችም እንዴ? ሳሉም ገና አልለቀቃትም።

ትርንጎ ግን ሌላ ነገር ተናገረች። «እኔ በሩን አሳየሁት እንጂ አልጋውን ያስተወችው እትዬ ደብሬ ናት። እሷ ጠፍሩን ከቆረጠች ወዲህ ነው የተወው። ስሙን እሷ ታውጣ» አለች።

ደብሬ የሞት ሞቷን የተመኘችው ነገር መዳፏ ላይ ወደቀላት። ደስ አላላትም። አባቷ ትርንጎን ያየበት ዓይን ነበር የታያት፤ ደግነትም የዚችው ሆነ ማለት ነው። ደግነቱን እንኳ ለትርንጎ ብቻ ልትተውላት አልቻለችም።

«ወተት አልጋው ላይ የማጠጣው እኔ ነበርኩ» አለች። «እዚያ እንዲሸና ያስለመድኩት እኔው ነኝ። እናንተ የለፋችሁት በእኔ ጥፋት ነው። ጠፍሩንም የቆረጥኩት ያንን ስላወቅኩ ነው።»

እናንዬ የተላጡ እጆቿን አየች። ትርንጎ ሳለች።

ደባሽ ፍርዱ ቢጨንቀው፣ እያንዳንዳቸው ቢፈረድላቸው ምን ብለው እንደሚሰይሙት ጠየቀ። እናንዬ «ልፋቴ» አለች። ትርንጎ፣ ያን ጊዜ የመጣላትን፣ «ተዉት» አለች። ደብሬ መሬት መሬት ስታይ ቆይታ፣ ከሐምሌ ጀምሮ በልቧ ይዛው የከረመችውን ስም አወጣች።

«እኔስ» አለች።

ደባሽ ስሙን ለመሞከር ያህል በከንፈሩ አለው፤ ከዚያ ልጁን ቀና ብሎ አያት። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አመሻሹ ላይ ውሻ የሚጣራው እሱ ነው። ይህ ስም ከወጣ፣ ውሻው በሕይወት እስካለ ድረስ በየምሽቱ ከገዛ አፉ ይሰማዋል። ሌላ ስም ከወጣ ደግሞ ደብሬ ጥያቄዋን ይዛ ገለባዋ ላይ ትተኛለች።

ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ ጎረቤቶች ውሾቻቸውን መጣራት ጀምረዋል። ቡችላው ደጁ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። አንዷ ባታጥብ ኖሮ በሐምሌ ተባርሮ ነበር። አንዷ ባታስተምረው ኖሮ ደጅ መውጣትን አያውቅም ነበር። አንዷ ራሷ ያበላሸችውን የእናቷን አልጋ ጠፍር ቆርጣ አስተካከለች፤ እውነቱንም ማንም ሳይይዛት ተናገረች፣ የተናገረችው ግን ከቅናት ነው። እንግዲህ ፈራጆቹ እናንተ ናችሁ፤ ስሙን ማን ታውጣለት?