አያ ጃርት ያስቆፈረው ጉድጓድ

ተረቴ መጣች፤ የላሟን በረት ክፈቱላት።

በአንድ አገር የእንስሳት ዩኒቨርሲቲና በዙሪያው ያለው ከተማ ከአንዲት ምንጭ ይጠጡ ነበር። ተማሪው እየበዛ ሲሄድ ምንጯ አላዳርስ አለች። ስለዚህ ጥንቁቁ አያ ጃርት ተጨማሪ ጉድጓድ እንዲያስቆፍር ታዘዘ። ጃርት ሳይጠይቅ አይቆፍርምና ሁሉንም ሰበሰበ።

«ምን ያህል ውሃ ይበቃችኋል?»

«ለእኛ ለከተሜዎቹ ጉንጭ የምታህል ትበቃናለች» አለ ይሉኝታ የሚያጠቃው ግመል።

«ተማሪ ደግሞ ምን ይጠጣል? ከንፈሩን ካራሰ ይበቃዋል» አለች በትሕትና መበለጥ የማትወደው የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ፣ እመት ጦጢት።

ጃርት ቃላቸውን አምኖ በዚያው ልክ አስቆፈረ። ጉድጓዱ በተመረቀበት ቀን ገና በረፋዱ ደረቀ። ተማሪዎቹም ወደየአገራቸው ሊመለሱ ጓዛቸውን መሸከፍ ጀመሩ።

የጃርት እሾህ በንዴት ቆመ። ወዲያው ግን ግመል በየድግሱ «በቃኝ፣ በቃኝ» እያለ ገንዳ ሙሉ ሲጨርስ ማየቱ ትዝ አለው። መልሶ ሰበሰባቸውና ጥያቄውን ገለበጠው።

«አያ ግመል፣ የጦጢት ተማሪዎች ምን ያህል ይጠጣሉ?»

«እነሱማ ወንዝ ቢሰጧቸው አይመልሱም።»

«እመት ጦጢት፣ ግመልስ?»

«ኧረ እሱ ብቻውን ኩሬ ያደርቃል።»

ጃርት በዚህ ልክ አስቆፈረ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲውም ከተማውም ጠጥቶ ይተርፈዋል። ግመልም ከገንዳው ቀና ባለ ቁጥር «እኔስ ያን ያህልም አልጠማኝ» ይላል።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ዛሬ በዳቦ ሳይሆን በውሃ አብሱልኝ። ለእኔ ትንሽ ይበቃኛል።