አሥራ አንዱ መቀነት

የጉምጉምን ወንዝ ተከትሎ ጫካውን ለሚወጣ ሰው፣ ሦስተኛው ፏፏቴ ላይ ሲደርስ መንገዱ ያልቅበታል። ግራው ገደል፣ ቀኙ ገደል፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ እንደተዘረጋ ነጭ ሸማ የሚወርድ ውሃ ነው። መቀነት የሚባለው እሱ ነው። ዛሬም በጥቅምት፣ ጭቃው ጠንከር ሲል፣ ሰው ከከተማ ሳይቀር እየመጣ ይወጣዋል፤ የኛ ሰፈር ሴቶች ቀድመን እንወጣና መቀነታችንን ፈተን፣ ቋጥረን፣ ወንዱን ሁሉ በሱ እንስበዋለን። አምና አንዱ ጎረምሳ የገዛውን ገመድ ይዞ መጣና «እትዬ፣ ይሄ እኮ በሬ ይጎትታል» ቢለኝ፣ «በሬ ስታመጣ ትጎትትበታለህ፤ አሁን መቀነቱን ያዝ» አልኩት። ያዘ እንጂ፣ ምን ያደርጋል! ነገሩ ከየት እንደመጣ ደግሞ እንዲህ ነው፤ አንቺም ፍቅርተ፣ እንዳወራሁት ጻፊው፣ አታሳምሪው።

እንደሚነገረው፣ የላይ ሰፈር ጌታ ባላምባራስ ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር። አንድ በጋ ወንዙን ምንጩ አጠገብ በግንድና በድንጋይ ገደበና ወደ ራሱ ማሳ መለሰው። ታች ያለነው፣ ያኔ አሥራ አንድ ቤት ነበርን አሉ፣ ከብቱም ሰውም ጉሮሯችን ደረቀ፤ ጓዙን ጠቅልሎ ሊሰደድ የተነሳም ነበር። ከሁሉ የከፋባት ግን ሽታዬ ነች። በወለደች በሃያ ቀኗ፣ በውሃ ጥም ጡቷ ነጥፎ፣ ሕፃኑ ማልቀስ እንኳ ደክሞት ነበር ይባላል።

ሽማግሌ ገባ። በዚያ ዘመን የውሃ ክርክር የሚቆረጠው በእግር ነው አሉ፤ ውሃው ይገባኛል የሚል ወገን ከሰፈሩ ተነስቶ፣ ወንዙን ሳይለቅ፣ እስከ ምንጩ ይሄዳል፣ ከደረሰ ውሃው የሱ ነው። ባላምባራስም «በተቀጠረው ቀን ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ምንጩ ላይ ከቆመ፣ ግድቡን በገዛ እጄ አፈርሳለሁ» ብሎ በሽማግሌ ፊት ማለ። ማለና ምን አደረገ? አራት ባለዱላ ሁለተኛው ፏፏቴ ላይ አስቀምጦ «ወንድ የተባለ እንዳታሳልፉ» አላቸው። የኛ ወንዶች ማለዳ ወጥተው ረፋድ ላይ ተፈንክተው ተመለሱ።

ይሄኔ አጀቡሽ የምትባል፣ ምላሷ እንደ ማጭድ የሚቆርጥ፣ ልጅነቷን ጉሬዛ ስታባርር ዛፍ ለዛፍ የጨረሰች ሴት፣ እንስራዋን አነሳች። «ባላምባራስ ከየቤቱ ሰው አለ እንጂ ወንድ መቼ አለ? ተነሱ!» ከየቤቱ አንድ አንድ ሴት ተነሳች። ሽታዬም ልጇን አዝላ ተከተለች። አራስ መቀነቷን አጥብቃ ካላሰረች ወገቧ አይጸናም ይባላልና፣ አማቷ ሦስት ዙር ጠምጥማ አሰረችላትና «ይሄ እንዳይፈታ፣ ልጄ» አለቻት።

ባለዱላዎቹ ሲያዩአቸው ሳቁ።

«እናንተ ደግሞ ወዴት ነው?»

«ውሃ ልንቀዳ ነዋ» አለች አጀቡሽ፣ «ጌታችሁ ጠብታ አስተርፎልን እንደሆነ።»

«ባሎቻችሁስ?»

«ጭንቅላታቸውን አስረው ተኝተዋል። እናንተ አይደላችሁ ያስተኛችኋቸው!»

ሳቁ ባሰ። እንዲያውም አንደኛው፣ ድንጋዩ እንዳያንሸራትታቸው፣ እጃቸውን እየያዘ አሻገራቸው ይላሉ።

ሦስተኛው ፏፏቴ ግን የሚሳቅበት አይደለም። ውሃው ክር ቢያክልም ድንጋዩ አረንጓዴ ለብሶ ያሟልጫል። አፋፉ ላይ የቆመ አንድ ዝግባ ብቻ ሥሩን ወደ ታች ለቆት ነበር። እንስራቸውን ከግርጌው ደረደሩ፤ ከሽታዬ በቀር አሥሩም መቀነታቸውን ፈተው ቋጠሩት። አጀቡሽ አንዱን ጫፍ ይዛ፣ ሥሩን እየቆነጠጠች፣ እንደ ጉሬዛዋ ወጣች። ከላይ ሆና ግን ጮኸች።

«ዝግባው ጋ አልደረሰልኝም! አንድ ቀረኝ!»

ማንም ሽታዬን ቀና ብሎ አላያትም። የአራስ መቀነት አይጠየቅማ! ሁሉም መሬት መሬት አየ፤ ፀሐይዋ ደግሞ እየዘቀዘቀች ነው።

«ምን መሬት ታያላችሁ?» አለች ሽታዬ። «ልጄ ካለቀ፣ የኔ ወገብ ቢጸና ለማን ነው?»

ፈታችው፤ ሦስቱንም ዙር። ከታችኛው ጫፍ ጋር ቋጠረችው፣ አጀቡሽ ሳበች፣ መቀነቱ ዝግባውን አቀፈ። አንድ በአንድ ወጡ። ሽታዬ ልጇን እንዳዘለች መጨረሻ ወጣች።

ምንጩ ላይ ባላምባራስ ሽማግሌዎቹን «እንግዲህ እንነሳ፣ የመጣም የለ» እያለ ነበር። ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች፣ ቀሚሳቸው የተንዘላዘለ አሥራ አንድ ሴቶች ከጫካው ብቅ አሉ።

«እነዚህማ ሴቶች ናቸው!» አለ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ድልነሳው ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፤ አሥራ አንድ። «ጓንጉል፣ የማልከው ሰው ብለህ ነው። ሴት ሰው አይደለችም ካልክ፣ አንተን የወለደህ ምን እንደሆነ ንገረንና እንነሳ።»

ባላምባራስም ካባውን አውልቆ ግድቡን ያፈርስ ጀመር። ሲያዘግም አጀቡሽ «እናግዝዎታ፣ ጌታው!» ብላ ግንዱን ገፋችው፤ ሌሎቹም ተረባረቡ፤ ውሃው ተፈታ! ሽታዬ ዘፍ ብላ በእፍኟ ጠጣች፣ ጠጣች፣ ጠጣች። እልልታው ከውሃው ቀድሞ ታች ሰፈር ደረሰ ይባላል። ውሃው በበኩሉ ባለዱላዎቹን እስከ ጉልበታቸው ነክሮ አለፈ።

የሽታዬ ወገብስ? ከዚያ በኋላ ሌላ ስድስት ወለደች። ያ ያዘለችው ሕፃን የአያቴ አባት ነው።

ዝግባው ዛሬም አለ። ወገቡ ላይ ቅርፊቱ ለስልሶ ጎድጎድ ያለ ዙሪያ አለው፤ የስንት መቀነት እንደሆነ እንጃ። መጨረሻ የሚወጣው ሰው ከታች ሆኖ «ውሃው ለማን ነው?» ብሎ መጣራት አለበት። ያ ባለገመዱ ጎረምሳ አምና ገመዱን ያኔ እንስራዎቹ ከተደረደሩበት ቦታ ጥሎ፣ መቀነቱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ተጣራ። እኛም ዝግባውን ተደግፈን፣ ወገባችን እንደተፈታ፣ ጫካው እስኪያስተጋባ መለስንለት፦

«ለደረሰ ሰው!»