ስንቋን ጭና የጸለየችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ሰኔ ገብቶ ሰኔ እስኪወጣ አንዲት የዝናብ ጠብታ ባልወረደበት ክፉ ዓመት፣ ከቤተ ክርስቲያን ግርጌ ባለ ሸለቆ ውስጥ አንዲት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። ሣሩ አልቋል፤ ወንዙም ድንጋይ ብቻ ቀርቶታል። የተረፈችው ከቋጥኝ ሥር ያለች ምንጭ ናት። እሷም ምንጭ መባሏ ለወግ ነው እንጂ ቀኑን ሙሉ ጠብ፣ ጠብ እያለች ነበር የምትውለው። እንስሳቱ ተራ ይዘው ይልሷታል፤ ሲነጋ አህያዋና ልጇ፣ ቀጥላ ቀበሮ፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ ኤሊ። ማንም አልሞተም፣ ማንም ግን አልጠገበም።

አህያዋ በየማለዳው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ ትለምናለች። መጀመሪያ «ጌታ ሆይ፣ ዝናብ ስጠን» አለች። ቆየችና «ለሰኔ ሚካኤል ይሁንልኝ» አለች። ሚካኤል መጣ፣ ሄደ፤ ሰማዩ እንደ ተወለወለ ሳህን ያበራል። የልጇ ጎድን ከሩቅ የሚቆጠር ሆነ። እሷም መለመኑን ተወችና ሰማዩን ብቻ ማየት ጀመረች።

«እማማ፣ እግዜር እኔን ረስቶኛል» አለቻት ኤሊን አንድ ቀን።

«ልጅሽ ዛሬ ውሃ ቀምሷል?»

«ልሷል።»

«ትናንትናስ?»

«ልሷል አልኩ እኮ። መላስ መጠጣት ነው እንዴ፣ እማማ?»

«አይደለም። ግን እስከ ዛሬ ያደረሰው እሱ ነው። ቆይ፣ ልጄ፤ ያሰበልንን አናውቅም።»

ኤሊ መቆየት ምን ይከብዳታል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትቆይ የኖረች ናት። አህያዋ ይህንን በልቧ አለችና ፊቷን አጥቁራ ሄደች።

ቀበሮ ይህን ሁሉ ከቁጥቋጦ ሥር ሆና ትሰማ ነበር። ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ጅራቷን እየጎተተች አዝና መጣች።

«እቴ፣ ያንቺን ልጅ ሳይ እህል አልበላ አለኝ» አለች።

«እህል መቼ ነው የበላሽው?»

«አነጋገር ነዋ፣ እቴ። ስሚኝማ። ከገደሉ ማዶ፣ ቆላው ውስጥ የማይደርቅ ወንዝ አለ። ጎበዝ ሂያጅ በሦስተኛው ቀን ማታ ይደርሳል። መንገዱን አሳምሮ የሚያውቀው አያ ጅቦ ነው።»

«ጅብ? አብደሻል ልበል?»

«ጾም አይደለም ወይ? የሐዋርያትን ጾም ይዟል። አጥንት እንኳ በአፉ አልዞረም፤ ሄደሽ እዪው፣ ከስቶ ታዝኝለታለሽ። የሚፈስከው ሐምሌ አምስት ነው። ነገ ብትነሺ ሐምሌ አራት ማታ ወንዙ ዳር ነሽ፤ እሱ ሲፈስክ አንቺ ተሻግረሻል።»

አህያዋ ቆጠረች። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ደግማ ቆጠረች፤ ልክ ሆነ። ወደ ጅብ ዋሻ ብትሄድ እውነትም አያ ጅቦ አንድ ቅልጥም ከፊቱ አስቀምጦ፣ ምራቁ እየወረደ ተኝቷል።

«ለሐምሌ አምስት ነው» አላት ቅልጥሙን እያየ። «ሽታውንም እንዳላሸት ዞሬ ነው የማድረው። ትመራኛለህ ወይ ነው ያልሽኝ? በጾሜ ምዬ እመራሻለሁ፤ እስኪፈታ ድረስ አልነካሽም።»

በማግስቱ አህያዋ የቀራትን ገለባ በጀርባዋ ጭና፣ ልጇን ከፊት አስቀድማ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆመች።

«ጌታ ሆይ፣ መሄዴ ነው። በገደሉ በኩል እወርዳለሁ፤ አያ ጅቦ ይመራኛል፤ በአራት ማታ እደርሳለሁ። አንተ ብቻ ባርክልኝ።»

ኤሊ ከድንጋይ ሥር አንገቷን አወጣች።

«ጠየቅሽው ወይስ ነገርሽው?»

«እማማ፣ መንገድ አታስረፍጂኝ» አለች አህያዋ። ከኋላዋ ቀበሮ ምንጯ ዘንድ ቀድማ ተቀምጣ፣ ተረጋግታ ትልስ ነበር።

መንገዱ በአህያዋ እግር የሦስት ቀን ነበር። በውርንጭላ እግር ግን ማንም አልቆጠረውም። ልጇ ቁልቁለቱ ላይ አሥር እርምጃ ይሄድና ይቀመጣል። «ትንሽ ብቻ፣ የኔ ጌታ፣ ትንሽ ብቻ» ትለዋለች። አያ ጅቦ ከፊት ቆሞ ይጠብቃል። በየማለዳው ከጉንጩ አንዲት ጠጠር አውጥቶ ይተፋል፤ አህያዋ ጥሙን ማታለያ መስሏት አልጠየቀችውም።

በአራት ማታ ገና ከገደሉ ሥር፣ ከአንድ ደረቅ ሸለቆ መሃል ነበሩ። ወንዙ የግማሽ ቀን መንገድ ይቀረዋል። ልጇ ተዘርግቶ ተኛ፤ ብትገፋው፣ ብትልሰው አልነሳ አለ። ቀና ብላ ወደ መጣችበት ብታይ፣ በአገሯ ላይ ጥቁር ደመና ተቆልሎ መብረቅ ይበርቃል። ያን ሁሉ ጊዜ የለመነችው ዝናብ፣ እሷ ጥላው ከወጣች በኋላ እየዘነበ ነው። ከልጇ ጎን ቆማ አደረች።

ሲነጋ አያ ጅቦ ተነስቶ ተንጠራራ፤ የመጨረሻዋን ጠጠር ተፋና ፊቱ በራ።

«እንኳን አደረሰሽ፣ እመት አህያ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለች አህያዋ እንደ ልማዷ። ካለች በኋላ ነው ቀኑ ሐምሌ አምስት መሆኑ ትዝ ያላት።

«አያ ጅቦ፣ ተሳስተሃል፤ ዛሬ ገና አራት ነው» አለች ልታታልለው።

«እኔ ቁጥር እንደማላውቅ እመት ቀበሮ ታውቃለች። አራት ጠጠር ሰጥታኝ፣ በየማለዳው አንድ አንድ ትፋ፣ ያለቀ ቀን ፋሲካህ ነው፣ በግህን ፍለጋ አትሂድ፣ አብራህ ነች አለችኝ። መሐላዬን አላፈረስኩም፤ ጠብቄሻለሁ። አጉድያለሁ?»

«አላጎደልክም» አለች አህያዋ። እውነቱን ነበር።

«እንግዲያው ማንን ልጀምር? ትንሹ ይለሰልሳል፤ አንቺ ደግሞ ትበዢያለሽ።» አያ ጅቦ በጣም ተቸገረ፤ አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ ልጇ ይዞራል።

እሱ ሲያማርጥ እሷ ልጇን በግንባሯ እየገፋች ከሸለቆው መሃል ባለ ቋጥኝ ላይ አወጣችው። ለእሷ ግን ቦታ አልበቃትም፤ ከሥሩ ቀረች። ዓይኗን ጨፍና «ጌታ ሆይ» አለች። ቀጥላ በዚህ አድርግልኝ፣ በዚያ አውጣኝ ልትል ፈለገች፤ አንድም የምታዘው አጣች።

«የምልህ የለኝም። ልጁም ያንተ ነው» አለች።

አያ ጅቦ ጅራቷን ከነሥሩ ነከሰ። ያን ጊዜ ከላይ የሚያጉረመርም ድምፅ ተሰማ። በአገሯ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ውሃ ሁሉ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ በሸለቆው ወረደ። አህያዋ ልትዘል ታገለች፤ እሱ ግን ከአምስት ሳምንት ጾም በኋላ የያዘውን ጉርሻ ሊለቅ አልቻለም። ደራሹ ጎርፍ ሁለቱንም መታቸው። ጅራቷ ተበጠሰ፤ አያ ጅቦ በጥርሱ እንደያዘው ተወሰደ። እሷን ውሃው አንስቶ ከቋጥኙ ጋር አላተማት፤ በፊት እግሮቿ ቧጣ ወጣች።

ገለባው የለም። ጅራቷ የለም። ደሟ በቋጥኙ ላይ ይወርዳል። ከፊትም ከኋላም የሚሄደው ጎርፍ ብቻ ነው፤ ሲጎድል የሚነሱበት ጉልበት ይኑራቸው አይኑራቸው ማን ያውቃል። ልጇ ግን አፉን አጎንብሶ ከጭቃው ውሃ ጠጣ፤ ከተወለደ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪጠግብ ጠጣ።

«እማዬ፣ አሁን በየት በኩል ነው የምንሄደው?»

«አላውቅም፣ ልጄ።»

«ማን ነው የሚያውቀው?»

አህያዋ ጉልበቷን አጥፋ አጠገቡ ተኛች። ቀኑንም፣ መንገዱንም አልቆጠረችም።

ከዚህ የምንማረው፣ የራሳችንን ሐሳብ ጭነን ከጨረስን በኋላ እግዚአብሔርን «ባርክልኝ» ከማለት ይልቅ፣ ጠብታም ብትሆን የሰጠንን እየቀመስን እሱ ያሰበልንን መጠበቅ እንደሚሻል ነው።