የቀረጡ ንፍሮ

«ተረት ተረት!»
«የላም በረት!»
«ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? በረቱ ባዶ ነው እንዴ? ተረት ተረት!»
«የላም በረት!»
እንዲህ ነው እንጂ። ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። አባቷ በሞተ ጊዜ ለተዝካሩ የሚሆን ትልቅ ድስት ከአንድ ሀብታም ቤት በቀር በመንደሩ አልነበረም። እናቷም ልትዋስ ሄደች። ሀብታሙ፦ «ድስቴን የድሃ እጅ አይነካውም» ብሎ መለሳት። እናቷ እያለቀሰች ተመለሰች። ደብሪቱም ያን ቀን፦ «ከእንግዲህ በዚህ መንደር ለድስት ብሎ ደጅ የሚጠና ሰው አይኖርም!» ብላ ማለች።

ከዚያም ባሕር ተሻግራ ሰው አገር ገባችና ሰባት ዓመት እህል ፈጨች፣ ውሃ ቀዳች። በልፋቷ ሁሉ አንድ የመዳብ ድስት ገዛች። ድስት ስላችሁ የእናንተን የሽሮ ድስት እንዳይመስላችሁ! ጥጃ ያስተኛል። በበቅሎ ጫነችውና ወደ አገሯ ገሠገሠች።

ድንበሩ ላይ ኬላ አለ። የኬላው ሹም ባሻ ድንበሩ ይባላል። «ይባላሉ» ማለት ነበረብኝ፤ ተዉት፣ አይገባውም። ነጋዴው ሁሉ ዕቃውን አውርዶ ፀሐይ ላይ ተሰልፏል። ባሻ ድስቱን በከዘራው ኳ! አደረገና፦
«ከባሕር ማዶ የመጣ ውድ ዕቃ ነው። ቀረጡ እኩሌታ ነው» አላት።
ደብሪቱም፦ «ጌታዬ፣ ያለኝን ሁሉ ድስቱ በልቶታል» አለች።
ባሻም፦ «እንግዲያስ አስቆርጬ እኩሌታውን እወስዳለሁ። ቀረጥ ማለት መቁረጥ ነው!» አላት።

ግማሽ ድስት ምን ይሠራል? ሰባት ዓመት ሙሉ! የእናቷ ዕንባ ትዝ አላትና እልህ ያዛት። ከፊቷ አንድ ነጋዴ አዲስ ካባ ደርቦ በነፃ ሲያልፍ አየችና፦
«የእሱስ ካባ ቀረጥ የለበትም?» አለች።
ባሻም፦ «የተለበሰ ልብስ፣ የተበላበት ዕቃ አይቀረጥም። ሕግ ነው» አላት።
እሷም፦ «እስቲ ጮክ ብለው ይድገሙት፣ ሰዉ ሁሉ ይስማ» አለችው።
ባሻ ሕግ ዐዋቂነቱን ማሳየት ይወዳልና ጮክ ብሎ ደገመው።

ደብሪቱ ምን አደረገች መሰላችሁ? እዚያው ኬላው በር ላይ ሦስት ጉልቻ ጎለተች። ድስቱን ጣደችና እሳት አነደደች። ነጋዴዎቹንም፦ «ስንዴ ያላችሁ፣ ባቄላ ያላችሁ፣ እፍኝ እፍኝ ወዲህ በሉ!» አለቻቸው። በኬላው ያልተማረረ አልነበረምና ሽንብራውንም ስንዴውንም አመጡላት። ዘበኞቹ ሊከለክሏት ሲመጡ፦ «እሳት ማንደድም ይቀረጣል?» ብላ መለሰቻቸው።

ንፍሮው ፈላና ሽታው ባሻ አፍንጫ ገባ። ሰውየው ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ሆድ ደግሞ ሹመት አያውቅም። መጣና ዘገነ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አፉ ከሞላ በኋላ ነው ትዝ ያለው፦
«ንፍሮ የተቀቀለው ማን ሞቶ ነው?» አለ።
ደብሪቱም ወገቧን ይዛ፦ «የድስቴ ቀረጥ ሞቶ ነው፣ ጌታዬ። ነፍስ ይማር! የተበላበት ዕቃ አይቀረጥም ብለዋል፤ የበሉበትም እርስዎ ነዎት» አለችው።

ነጋዴው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ባሻ አልበላሁም እንዳይል አፉ ሞልቷል፣ እንዳይክድ ሕጉን ሰው ሁሉ ሰምቷል። ከዘራውን ወደ በሩ ቀሰረና አሳለፋት።

ደብሪቱም ድስቷን ከነጥላሸቱ ጫነችና አገሯ ገባች። እናቷ ጥላሸቱን በእጇ ዳሰሰችና እልል አለች። ከዚያ ወዲያ በዚያ መንደር ለድስት ብሎ ደጅ የጠና የለም። ያ ሀብታም እንኳ ልጁን ሲድር የደብሪቱን ድስት ተዋሰ። ደጅ አላስጠናችውም፤ ከነክዳኑ ሰጠችው።

እንግዲህ ተረቴ ኬላውን አለፈ። ቀረጡን ከሞሰብ አውጡና አፌን በዳቦ አብሱልኝ። ንፍሮም ቢሆን አልጠላም፤ ማን ሞተ ብዬ አልጠይቅም።