የዳልቻ ጾም

ተረት ልንገራችሁ፤ እስቲ የበረቱን በር ክፈቱልኝ።

ዳልቻና ቦራ አብረው የሚጠመዱ ሁለት በሬዎች ነበሩ። አንድ ቀን ጌታቸው ዳልቻን ከቀንበር ፈትቶ በረት ውስጥ አሰረው፤ ፋጉሎና አተላም ያቀርብለት ጀመር። በየሳምንቱ እየመጣ ሻኛውን ጨበጥ ያደርግና "ለልጄ ሰርግ ይደርሳል" ይላል።

ዳልቻ ነገሩ ገባውና ፈራ። "ከዛሬ ጀምሮ እህል በአፌ አይዞርም። ከከሳሁ አያርደኝም፤ ወደ እርሻዬ ይመልሰኛል" አለ።

ቦራ ከሥራ ሲመለስ ይህን ሰማ። "ወንድሜ፣ ሳይበሉ ተኝቶ መክሳት ጉልበትንም ይዞ ይሄዳል። ትንሽ ቅመስ፤ ገመድህ እስከፈቀደልህም ተንቀሳቀስ" አለው።

"እኔ የምፈልገው መክሳት ብቻ ነው!" ብሎ ዳልቻ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እውነትም ከሳ። ጌታው ባየው ጊዜ ተናደደና "እንግዲያውስ ይረስ!" ብሎ ከቦራ ጋር ጠመደው። ዳልቻ ያሰበው ስለሆነለት ደስ አለው። ነገር ግን የመጀመሪያውን ትልም ሳይጨርስ እግሩ ከዳው። ጅራፉ ቢወርድበትም መነሳት አልቻለም።

"ለእርሻም አልሆነ" አለ ጌታው። "ቢላዋ አምጡ!"

ቆዳው ሲገፈፍ ጭኑ ላይ ለአንድ ድስት የሚበቃ ሥጋ ጠፋ፤ በኩላሊቱ ዙሪያ ያለው ሞራ ግን ብዙም አልተነካም። አራጁ ተገርሞ "ይሄ በሬ ምን ሲበላ ከረመ?" አለ።

"እግሩን" አለ ቦራ፣ ግማሹ ባዶ በሆነ ቀንበር ስር እንደ ቆመ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦውን ግን ለዛሬ ተዉት።