የእናቷን እሹሩሩ ልትቀዳ የተነሣችው ትርሲት

ጆሯችሁን ወዲህ አቅርቡ፤ ሆሳዕና ከተማ የሆነውን ላውጋችሁ።

ትርሲት የምትባል ሴት ነበረች። እናቷ ወይዘሮ አስናቀች ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ሊሆኑ ነው። ሐኪሙ «ድምፅዎ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል» ብሏቸዋል። ከሰዓት በኋላ መኪና ይመጣል። ትርሲት የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቷ እሷንና ወንድሟን ያስተኙበትን እሹሩሩ በስልኳ መቅዳት።

«በይ እማዬ፣ ጀምሪ» አለች። ስልኩ ግን ሞልቻለሁ፣ ቦታ የለኝም አለ።

«በጎረቤት ስልክ ልቅዳሽ?»

«በሰው ስልክማ አላንጎራጉርም!»

ስልኩን የሞሉት ቪዲዮዎች ናቸው፤ የሟች አባቷም ሳቅ እዚያው ውስጥ አለ። ከማጥፋቷ በፊት ሐዋሳ ላለው ወንድሟ ለይርዳው ደወለች።

«እንዳታጠፊ!» ብሎ ጮኸ። «ስልክሽና ኮምፒዩተሬ የተያያዙ ናቸው። እዚያ ካጠፋሽው እዚህም ይጠፋል። ግማሹ ደግሞ ገና አልደረሰኝም። መጀመሪያ ሁሉም ይድረሰኝ፤ ከዚያ ‹ከዚህ ስልክ ላይ ብቻ አንሳ› የሚለውን ንኪ። ያንቺ ስልክ ቦታ ያገኛል፣ ቪዲዮው እኔ ጋ ይቀመጣል።»

ቪዲዮዎቹም ያለ ዋይፋይ አንሄድም አሉ። ቪዲዮዎቹ ካልሄዱ ስልኩ ቦታ አይለቅም፤ ስልኩ ካልለቀቀ እሹሩሩው አይቀዳም።

«እቀዳዋለሁ!» አለች ትርሲት። ግቢው በር ላይ ፎቶ ቤት ወዳላት ወደ ዙርያሽ ሮጠች።

«ዙርያሽዬ፣ እስኪ ዋይፋይሽን!»

«እኔስ ምን ከፋኝ፤ መብራት የለማ! ብሬከሩ ወድቋል፤ ያለው ደግሞ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ዕቃ ቤቱ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ጋሽ ጩፋሞ ጋ ነው።»

መብራት ካልመጣ ዋይፋዩ አይሠራም፤ ዋይፋዩ ካልሠራ ቪዲዮዎቹ አይሄዱም፤ ቪዲዮዎቹ ካልሄዱ ስልኩ አይለቅም፤ ስልኩ ካልለቀቀ እሹሩሩው አይቀዳም።

«እቀዳዋለሁ!» አለች ትርሲት። ዘበኛው ጋሽ ጩፋሞ ዱላቸውን ይዘው ጎመኑ መሃል ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ቁልፉን!»

«የምን ቁልፍ! ይቺ ላም ጎመኑን ልትጨርሰው ነው። እሷ ሳትወጣ ኪሴን አልዳብስም።»

ላሟ ካልወጣች ቁልፉ አይገኝም፤ ቁልፉ ካልተገኘ መብራት አይመጣም፤ መብራት ካልመጣ ዋይፋዩ አይሠራም፤ ዋይፋዩ ካልሠራ ቪዲዮዎቹ አይሄዱም፤ ቪዲዮዎቹ ካልሄዱ ስልኩ አይለቅም፤ ስልኩ ካልለቀቀ እሹሩሩው አይቀዳም።

ትርሲት ላሟን ገፋች፤ ላሟ ታኝካለች። ጎተተች፤ ላሟ አሁንም ታኝካለች። «እቀዳዋለሁ ብያለሁ!» አለችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ጓሮ ሄደች። የላሟን ጥጃ ፈትታ በሩ ላይ አቆመችው። ጥጃው «እምቧ!» አለ።

ጥጃው ቢጮህ ላሟ ወጣች፤ ላሟ ብትወጣ ቁልፉ ተገኘ፤ ቁልፉ ቢገኝ መብራት መጣ፤ መብራት ቢመጣ ዋይፋዩ ሠራ፤ ዋይፋዩ ቢሠራ ቪዲዮዎቹ ሐዋሳ ገቡ።

«ሁሉም ደርሷል» አለ ይርዳው በስልክ። «የአባዬን ሳቅ እያየሁት ነው።»

ትርሲት «ከዚህ ስልክ ላይ ብቻ አንሳ» የሚለውን ነካች።

«አሁንስ አለ?»

«አሁንም አለ።»

ስልኩም ቦታ ለቀቀ። ወይዘሮ አስናቀች ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው አንጎራጎሩ፤ እስከ መጨረሻው አንጎራጎሩ። መኪናው ደጅ ላይ ጥሩምባ ሲነፋ እሹሩሩው ተቀድቶ ነበር።

ገና ሆስፒታል ሳይደርሱ ይርዳው ደወለ። «እማዬ…» አለ። ከጀርባው፣ ከኮምፒዩተሩ፣ የእናቱ ድምፅ እሹሩሩ ይላል።

ወይዘሮ አስናቀች ስልኩን ተቀብለው «ተኛ እንጂ ታዲያ» አሉት።