የእማማ ጌጤ ባትሪ

በአንድ ወቅት፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ እማማ ጌጤ የሚባሉ ጆሯቸው የደከመ እናት ነበሩ። ሦስት ልጆች ወልደዋል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር አይደል? ሦስቱም ዓይንና ናጫ ናቸው። ከአባታቸው ተዝካር ወዲህ እግዜር ይማርህ እንኳ አይባባሉም። የሚገናኙት «እናታችንን የምጦር እኔ ነኝ» በሚለው ጭቅጭቅ ብቻ ነው። የእማማ ቤት በክረምቱ አዘመመ፤ ከሦስቱ አንዱ ጋ መግባታቸው አይቀርም።

እማማ የሚሰሙት ደረታቸው ላይ በሚያንጠለጥሏት ትንሽ የመስሚያ መሣሪያ ነው። መሣሪያዋ ብዙ ጉልበት አትበላም፤ የሱቁ ባትሪ ድንጋይ ግን ቅዳሴ ሳያልቅ ይከዳቸዋል። ልጆቹም ይህን ለምደውታል። ድንጋዩ እስኪያልቅ ይጠብቁና፣ እፊታቸው ቁጭ ብለው ይሰዳደባሉ። እማማ ከንፈር ከንፈራቸውን እያዩ አንጀታቸው ያርራል።

«ከመሞቴ በፊት ቀን ሙሉ ልስማ» አሉ አንድ ቀን።

ታላቁ ላቀው ወዲያው ተነሣ። የተጣሉ የላፕቶፕ ባትሪዎች ሰብስቦ፣ እየፈለፈለ፣ ከውስጣቸው ነፍስ ያላቸውን ድንጋዮች ለቀመ። ጣቱ ተሰነጣጠቀ፤ አልተወም። «ያለ እኔ በምን ትሰሚ ነበር?» አላቸው።

ሁለተኛው ዘርጋው ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ ሠራ። ድንጋዮቹን አንዱን ካንዱ ጀርባ ቢቀጥላቸው ጉልበቱ በዝቶ መሣሪያዋን ባቃጠለ። ስለዚህ ጎን ለጎን አሰልፎ፣ ራሱን ከራሱ፣ ግርጌውን ከግርጌው በየደው። ጉልበቱ ባለበት ቀርቶ ዕድሜው ረዘመ። «ሳምንት ይዘልቅልሻል» አላቸው።

እማማ ባትሪውን በከረጢት ወገባቸው ላይ ታጠቁት። ለካ ከድንጋዮቹ አንዱ ውስጡ የበሰበሰ ኖሯል! የጎረቤቶቹን ጉልበት እየጠጣ ጋለ፤ ጭስ ወጣ። ወንዶቹ «ያንተ ጥፋት ነው!» ሲባባሉ፣ ታናሿ ደብሪቱ ዘልላ እጇን ከረጢቱ ውስጥ ሰደደች። የጋለውን ገንጥላ ደጅ ወረወረችው። መዳፏ ተላጠ፤ እሳቱ ግን የእማማን ቀሚስ እንኳ አልነካም።

ሦስቱም ባትሪው ሞተ ብለው አመኑ። አልሞተም! ጎን ለጎን ከተሰለፈ አንዱ ቢወጣ ሌላው ይሠራል። ዘርጋው ይህን ማወቅ ነበረበት፤ የተናደደ ሰው መቼ ያስባል? እማማ ሁሉን ይሰማሉ፤ ዝም አይነቅዝም ብለው ዝም አሉ።

«የበሰበሰ ለቅመህ እናታችንን ልትፈጃት!» አለ ዘርጋው።

«ብትፈጅስ?» አለ ላቀው። «እኔን ከትምህርት ቤት አስቀርታ አንተን ያስተማረች ናት። የምጦራት አገር እንዳያማኝ ነው።»

«እኔስ?» አለ ዘርጋው። «ቀብሯ ከእኔ ደጅ እንዲወጣ ብዬ እንጂ፣ ይህን ጭቅጭቋን ማን ይችለዋል?»

ደብሪቱ መዳፏን ታቅፋ ታለቅሳለች። «እናንተን ለማብላት እኔን በልጅነቴ ዳረችኝ። ምነው ትቼው ባቃጠላት!» አለች።

የእማማ ቅስም ተሰበረ።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «የሁላችሁንም።»

ይቅር በይኝ ያለ ግን የለም፤ ጭራሽ ባሰባቸው።

«እኔ ጋ ካልገባሽ ድንጋዮቼን እወስዳለሁ» አለ ላቀው።

«እኔም ብየዳዬን እፈታለሁ» አለ ዘርጋው።

«እኔ የምወስደው የለኝም» አለች ደብሪቱ፤ «ግን እነሱ ጋ ከገባሽ ዓይንሽን እንዳላይ።»

እማማ ጌጤ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ፤ እዚያ ያዘመመ ቤት ማደር አይቻልም። ደጃፉ ላይ ቆሙ።

እንግዲህ ፍረዱ። አንዱ ለቀመ፣ አንዱ በየደ፣ አንዷ እጇን አነደደች፤ ሦስቱም ያንን ተናገሩ። እማማ የማንን ደጅ ያንኳኩ? ጧሪነቱ ለማን ይገባል?